ከወሎ ሰፈር የገዛሁት ገመድ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ለማንም አልተናገርኩትም ብል እዋሻለሁ፤ ለስንቱ ተናግሬዋለሁ። ግን በተናገርኩ ቁጥር ግማሹን እየዋጥኩ ነው። ሰው አብሮኝ ሲናደድ ደስ ይለኝ ነበር። የዋጥኩት ግማሽ አላስቀምጥ ስላለኝ ዛሬ ሙሉውን እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ ልናገር፣ ቁጡ ነኝ። ሰልፍ የሚያቋርጥ ሰው ካየሁ ተራዬን ትቼ እከራከራለሁ። ስልክ ላይ ስናገር ታክሲው በሙሉ ዞሮ ያየኛል። ብዙ ጊዜ እውነቱ ከእኔ ጋር ነው፤ ችግሬም እሱ ነው።

ሥራዬ ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን ተሠርተው ያለቁ አስመስሎ ማሳየት ነው። አርክቴክቶች ንድፋቸውን ይልኩልኛል፣ እኔ በኮምፒውተር መስታወቱን አስገባለሁ፣ ዛፍ እተክላለሁ፣ በር ላይ መኪና አቆማለሁ። ቦሌ መንገድ ዳር በትልቅ ሸራ ላይ ታትመው የምታዩዋቸው፣ ከኋላቸው ግን ጉድጓድና ቆርቆሮ አጥር ብቻ ያለባቸው ቆንጆ ቆንጆ ሕንፃዎች፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሠራቸው ናቸው። ለዚህ ኮምፒውተሩ ውስጥ ምስሉን የሚሠራ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል። አንዱን ምስል ለማውጣት ኮምፒውተሩ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። የእኔ ኮምፒውተር ግን ከሆነ ቢሮ ተጠራርጎ የተሸጠ አሮጌ ማሽን ነበር።

ያገለገለ ግን ደህና ካርድ አገኘሁ። ችግሩ ኃይል ነው። እንዲህ ያለ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ለብቻው በወፍራም ገመድ ኃይል ማግኘት አለበት። የእኔው ሳጥን እንዲህ ያለ ገመድ ጭራሽ የለውም። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ወሎ ሰፈር ሄድኩ።

እዚያ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ ስለማይገባው ግን አይደለም። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ሲያናግሩት ዓይኑን ከስልኩ የማያነሳ ሰው ነው።

"ፓወር ሰፕላዩን መቀየር አለብኝ?" አልኩት።

"ኧረ ምን አደከመሽ እህቴ፣ አዳፕተር አለ እኮ" አለና ከመሳቢያው አንድ ገመድ መዘዘ።

ገመዱ በአንድ በኩል ሁለት ጠፍጣፋ ጭንቅላት አለው፤ በሌላ በኩል ስምንት ቀዳዳ ያለው ሶኬት። ጠፍጣፋዎቹ ለሃርድ ዲስክ ኃይል በሚሰጡት ቀጫጭን ገመዶች ላይ ይሰካሉ፣ ባለ ስምንት ቀዳዳው ካርዱ ላይ። ስለ ኤሌክትሪክ ብዙም አላውቅም። ግን ሽቦው ቀጥኖብኝ "ይሄ ያንን ሁሉ ኃይል ይችላል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ኦሪጅናል ነው። ሁሉም ሰው በዚህ ነው የሚሠራው።"

ሰካው፤ ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በዚያው ቀን ማታ ሥራ ስጀምር ከኮምፒውተሩ ጀርባ የጋለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ደወልኩለት። "የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ሸቶ ይለቀዋል" አለኝ። አመንኩት። ማመን ፈልጌ ስለነበረ ነው ያመንኩት፤ ሥራው ተደራርቦብኛል።

በዚያን ጊዜ እናቴ ጉልበቷን ልትታከም ከሆሳዕና መጥታ እኔ ጋ ነበረች። ቦሌ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ኮምፒውተሩም፣ እናቴ ቀን ቀን ጋደም የምትልበት ሶፋም ፊት ለፊት ያለው ክፍል ውስጥ ናቸው። እናቴ ድምፅዋ የማይሰማ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን በመነጽር ላይ መነጽር ደርባ የምታነብ ሴት ናት። ልጅ ሆነን አባታችን ቤት እያለ "የለም በሉ" ማለት በእሷ ቤት አይቻልም ነበር። አበዳሪ እንኳ በር ላይ ቆሞ "አለ፣ ግን መውጣት አልፈለገም" ትለው ነበር።

እንደመጣች ሰሞን፣ ምስል እያወጣሁ ስልኳን ልትሰካ ብላ የኮምፒውተሩን መሰኪያ ወለሉ ላይ ካለው የሶኬት ማከፋፈያ ነቀለችው። የሙሉ ቀን ሥራ ገደል ገባ። ያን ቀን የጮኽኩትን ጩኸት ግቢው በሙሉ ሰምቶታል። "ሁለተኛ እጅሽ እዚያ ማከፋፈያ ላይ እንዳይደርስ!" አልኳት። "እሺ" አለች። ከዚያ በኋላ ስትጠርግ እንኳ ማከፋፈያው አጠገብ ስትደርስ መጥረጊያውን ታነሳዋለች። አይቻት አንድም ቃል አልተናገርኩም። እንዲያውም ጥሩ፣ ገባት ማለት ነው ብያለሁ።

ገመዱን በገዛሁ በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ትልቅ ሥራ ጀመርኩ። ሰኞ መድረስ አለበት። ኮምፒውተሩን ሥራ ላይ ትቼው ዕቃ ልገዛ ሾላ ገበያ ሄድኩ።

ሽንኩርት እያስመዘንኩ እናቴ ደወለች።

"ልጄ፣ ይሄ ነገርሽ ይሸታል።"

"የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው እማዬ፣ ተዪው" አልኳት። ሰውየው ያለኝን ቃል በቃል ደገምኩላት።

ብዙም ሳይቆይ ደግማ ደወለች። ከቲማቲም ሻጯ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነበር፤ ከላይ ደህናውን ደርድራ ከሥር የፈረጠ ትከትልኛለች። ደሜ ፈልቷል። "ጭስም ያለው መሰለኝ፣ ልንቀለው እንዴ?" አለች እናቴ።

"እማዬ! እንዳትነኪው አላልኩሽም? ስንት ጊዜ ልንገርሽ? አንቺ የነካሽው ነገር ሁሉ ይበላሻል! አትደውዪልኝ በቃ!"

ቲማቲም ሻጯ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የፈረጠውን ራሷ እየመረጠች አወጣችልኝ። ፈርታኝ ይመስለኛል።

ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ። "እማዬ" የሚለውን ስክሪኑ ላይ አየሁት። ዘጋሁት።

በርበሬ ተራ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። እናቴ ሁለት ጊዜ የምትደውል ሴት አይደለችም፤ አንድ ጊዜ ካላነሱላት "ሥራ ላይ ናት" ብላ የምትተው ናት። መልሼ ደወልኩ። አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አታነሳም። ዕቃውን እዚያው ጥዬ ኮንትራት ታክሲ ያዝኩ። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘግቷል። ሹፌሩን ሰደብኩት፣ ትራፊኩን ሰደብኩት፣ ከፊታችን የቆመውን አውቶቡስ ሰደብኩት። መንገዱን ሙሉ ስደውል ነበር።

ግቢው በር ላይ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። በራችን ክፍት ነው፣ ጥቁር ጭስ በላይኛው በኩል ይወጣል። ገባሁ። ኮምፒውተሩ አሁንም ይሠራል! ማራገቢያው ይዞራል፣ ከጀርባው ጭስ ይተፋል። አጠገቡ ያለው መጋረጃ እስከ ግማሹ ተቃጥሏል። እናቴ፣ ያቺ ጉልበቷን አጥፋ መቀመጥ የማትችል ሴት፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ በረጠበ ፎጣ የመጋረጃውን ጫፍ አፍና ይዛለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አስራዋለች። ማከፋፈያው ከእጇ አንድ ክንድ አይርቅም።

ነቀልኩት። እጆቼን ብብቷ ሥር አስገብቼ ጎትቼ ወደ ውጭ አወጣኋት። ስታስል ቆየችና ትንፋሿ መለስ ሲልላት መጀመሪያ የተናገረችው "አልነካሁትም" የሚለውን ነው።

ሁለት ቀን ክሊኒክ ኦክስጅን ተደርጎላት ተኛች። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ሳንባዋ አይችለውም ነበር አለኝ። ሌሊቱን አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ የትንፋሿን ድምፅ ስሰማ፣ በልቤ የማወራው ከእግዚአብሔር ጋር አልነበረም፤ ከዚያ ባለ መነጽር ሰው ጋር ነበር። ምን እንደምለው ቃል በቃል አዘጋጀሁ። አሁን ሳስበው፣ እሱን መጥላት በጣም ቀሎኝ ነበር።

ኮምፒውተሩን ስከፍተው ከሁለቱ ጠፍጣፋ ጭንቅላቶች አንዱ ቀልጦ ከሃርድ ዲስኩ ገመድ ጋር ተጣብቋል። ገመዱን ቆርጬ በፌስታል ያዝኩና ልሄድ ስነሳ እናቴ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። "ብቻሽን አትሄጂም። አፍሽን አውቀዋለሁ" አለችኝ። ሁለት ፎቅ ደረጃ አለ ብላት አልሰማ አለች።

ወሎ ሰፈር ደረስን። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

"ይሄ የእኔ አይደለም" አለ ወዲያው።

የገዛሁ ዕለት ስለ ገመዱ ዋጋ የላከልኝን መልእክትና ሲሰካው ያነሳሁትን ፎቶ ሳሳየው ወሬውን ቀየረ። "መብራት መጥቶ ሲሄድ ያቃጥላል፣ የእኛን አገር መብራት ታውቂዋለሽ። እኔ ምን ላድርግ?"

ኮሪደሩ ላይ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ከጎኑ የስልክ መሸፈኛ የሚሸጡ፣ ፎቁ ላይ ያሉት ሁሉ ጋሼ የሚሏቸው አዛውንት ወንበራቸውን ይዘው መጡ። እዚያ ሕንፃ ላይ ጠብ ሲነሳ ፖሊስ አይጠራም፤ ጋሼ ወንበራቸውን ይዘው ይመጣሉ። "መብራቱማ አዎ፣ የእኔንም ፍሪጅ በልቶታል" አለ አንዱ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም መብራቱን መርገም ሲጀምሩ ነገሩ ከእጄ ሊያመልጥ መሆኑ ታየኝ።

የሰውየው የራሱ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ይሠራል። ጎኑ መስታወት ነው፤ ውስጡ ካርዱ እያበራ ይታያል። በጣቴ አሳየሁት።

"እሺ። መሳቢያህ ውስጥ ያለውን አንዱን አዳፕተር አውጣ። የካርድህን ገመድ ንቀልና በእሱ ሰካው። ከባድ ሥራ ስጠውና አንድ ሰዓት እዚሁ ቁጭ ብለን እናየዋለን። ካልሸተተ ይቅርታ ጠይቄህ እሄዳለሁ።"

ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም።

"ሰካላታ፣ ምን ቸገረህ?" አሉት ጋሼ።

"ሥራ አለብኝ።"

"አንድ ሰዓት ነው። እኛም እዚሁ ነን።"

"ጋሼ፣ ማሽኔ ውስጥ የሰው ሥራ አለ፤ አላበላሸውም" አለ። ከአፉ ሳይወጣ ሊመልሰው የሞከረ መሰለኝ፤ ግን ወጥቷል።

ጮህኩ። "የእኔ ውስጥስ ምን ነበረ? እናቴ አጠገቡ ነበረች! እናቴ!" እጄን ወደ እሷ ዘረጋሁ። ሁሉም ዞረው አዩዋት። ኮሪደሩ በሙሉ ከእኔ ጎን ቆመ፣ አንዲት ሴት ምራቋን እንትፍ አለችበት። አሸንፌ ነበር። እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው ለሰው የማወራው።

ሰውየው ፊቱ ቀላ። መነጽሩን አውልቆ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እናቴን አየ።

"ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አለ። "ሲሸት ቆየ ትያለሽ። ጭስ ነበረው ትያለሽ። ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ ነበረ። ታዲያ ለምን አልተነቀለም? አንድ መሰኪያ መንቀል ምን ያቅታል?"

ጋሼም ወደ እኔ ዞሩ። "እውነትም፣ ለምን አልተነቀለም ልጄ?" አሉኝ።

የምናገረው እውነት ነበረኝ፤ አጭር ነው፣ ሦስት ቃል አይሞላም።

"እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ" አለች እናቴ።

ድምፅዋ ስለማይሰማ ሁሉም ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

"እሷስ በስልክ ንቀዪው ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ መልሶ እንቅልፍ የወሰደኝ። አርጅቻለሁ፣ ምን ታደርጉታላችሁ።"

ሰውየው መነጽሩን መልሶ አደረገ። "ይኸው! ከራሳቸው አፍ ሰማችሁ" አለ።

"እናት፣ እንዲህማ አይሆንም" አሉ ጋሼ፣ እንደ ሕፃን እየገሠጿት። "ሰው እሳት አጠገቡ ይዞ ይተኛል? ልጅዎን ጉድ ሊሠሯት ነበር እኮ።"

"ልክ ነው" አለች እናቴ። "ልክ ነው ጌታዬ።" እያንዳንዱን ቃል ራሷን ዝቅ እያደረገች ተቀበለች። እንትፍ ያለችው ሴትዮ እንኳ "ውይ እማማ" ብላ ራሷን ነቀነቀች።

እኔ ዝም አልኩ። ሰልፍ ለሚያቋርጥ ሰው ግማሽ ሰዓት የምጮኸው እኔ፣ ዝም አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ እናቴ ስትሰደብልኝ ቆሜ አየሁ።

ጋሼ ፈረዱ። ጥፋቱ የጋራ ነው፣ እሱ ለካርዱ የራሱ ገመድ ያለው ፓወር ሰፕላይ ለልጅቷ በነፃ ይግጠምላት፣ እሷም ነገሩን ከዚህ በላይ አታንሳ አሉ። ጨብጪው ተባልኩ። ጨበጥኩት። እጁ ላብ ነበረው። ስንወጣ "እናት፣ ለሌላ ጊዜ ይጠንቀቁ" አላት። እሷም "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችው።

ታክሲ ውስጥ "እማዬ፣ ለምን ዋሸሽ?" አልኳት። የጠየቅኩበት ድምፅ ራሱ የቁጣ ነበር፤ ሌላ ድምፅ ያለኝ አይመስልም።

ጉልበቷን እያሸች በመስኮት ታያለች። "ታዲያ ምን ልበል?" አለችኝ። "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ልጄ እንዴት እንደተናገረችኝ ልናገር?"



የዚያ ወር የጌታ ራት ዕለት አብሬያት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ኅብስቱንና ጽዋውን በትሪ እያዞሩ ወደ እኛ መደዳ መጡ። ልቡ የከሰሰው ሰው አይወስድም፤ ለሚቀጥለው ያሳልፋል። እናቴ ትሪውን ተቀበለች፣ ምንም ሳታነሳ ለእኔ አሳለፈችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው አይቼ አላውቅም። ትሪው እጄ ላይ ነበር። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ወሰድኩና በላሁ።

እናቴ አሁን ሆሳዕና ናት። ጉልበቷ ደህና ነው፣ ሳሉ ግን ብርድ ሲሆን ይነሳባታል። ስትደውል ገና ሳይጠራ አነሳለሁ፤ ይህ ግን ይቅርታ መጠየቅ አይደለም፣ ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም። ሰውየውን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ያንን ገመድ አሁንም ይሸጣል፣ ባለፈው ሳልፍ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ግን ከእሱ ይልቅ የምጠላው፣ በዚያ ኮሪደር ላይ አፏን ዘግታ የቆመችውን ሴት ነው።

በወሎ ሰፈሩ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላሉት ሰዎች እናቴ እሳት አጠገብ የተኛች አሮጊት ናት። ይህን ጽሑፍ ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ ቢያነበው ብዬ ነው። እናቴ አልተኛችም። ሦስት ጊዜ ደውላልኛለች።